የወደቡ ጉድጓድ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። በአንድ የባሕር ወደብ ጅቦችና ተኩላዎች በደም ይፈላለጉ ነበር። ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ አንበሳ ደግሞ ግንብ ውስጥ ተቀምጦ፣ "የሁላችሁም ንጉሥ እኔ ነኝ" ይላል።

አንድ ቀን ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ መጣች። "ጃንሆይ፣ ጅቦቹ ተኩላ እንዳይጠጣ ብለው ጉድጓዱን በድንጋይ ሊደፍኑት ነው። ከደፈኑት ልጄ በጥም ትሞትብኛለች፤ ያስቁሙልኝ" አለች።

አንበሳው በመስኮት ወደ ውጭ አየና፣ "ከግንቡ በር ወዲያ ያለው የእነሱ ጉዳይ ነው። ንጉሣቸው እኔ መሆኔን ግን ንገሪያቸው" አላት።

ጅቦቹ ጉድጓዱን ደፈኑት። ተኩላዎቹም ሊበቀሉ ጅቦቹ እየጠበቁ የሚጠጡበትን ምንጭ በሬሳ በከሉት። አንበሳው የሚጠጣው ሲያጣ በመርከቡ ተሳፍሮ ሄደ።

ሚዳቋዋ መሄጃ አልነበራትም። በጥም የሞተችውን ግልገሏን ጥላ ሥር አስተኝታ የጉድጓዱን ድንጋይ በግንባሯ ትገፋ ጀመር። ጅቦቹም ተኩላዎቹም ቆመው፣ "ይቺ ደግሞ የማን ወገን ናት?" ይባባሉ ነበር።