በነሐሴ ዐውሎ ቀን ስድስት ታንኳዎች በውኃ ላይ ተተክለው እንደ ቆሙ

«እጅሽን ከገመዱ ላይ አንሺ ብዬሻለሁ!» አለ ገበዙ ልሳኑ።

«አላነሣም። ከፈለጉ እጄን ይቁረጡት» አለች ይመኙሻል።

«አንቺ ሴትዮ፥ ነገ እኮ በዓል ነው! ሕዝቡ ሁለት ሳምንት ጾሞ ቅዳሴውን ከደሴቱ ሊሰማ ተነሥቷል። ዐውሎ ይመጣል ብሎ የነገረሽ ማነው? የትኛው ዛርሽ ነው?»

«ዛር የለብኝም። የነገረኝ ሐይቁ ነው።»

«ሰማችሁ? ሐይቅ ያናግረኛል ትላለች! ከውኃው ዳር ድርሽ እንዳትዪ አላዘዝሁሽም?»

«አዘዙኝ፥ ጌታዬ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ድርሽ አላልሁም። ታዲያ ትናንት ሐይቁን ማን አየልን? እርስዎ አዩት?»

በፊተኛው ታንኳ ላይ መቅዘፊያውን ይዞ የቆመው ቢያድግልኝ «እኔ አይቼዋለሁ፥ እትዬ፤ እንደ ወትሮው እርጥብ ነው» አለና ሰዎቹ ሁሉ ሳቁ።

የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፥ ይህ ሳቅ በማን ላይ እንደ ተሳቀ ታውቁ ዘንድ የዚህችን ሴት ነገር ከመጀመሪያው ስሙ። ይመኙሻል በጣና ዳር በደንገል በር መንደር የምትኖር፥ ባሏ ከሞተ በኋላ ደንገል የተባለውን የሐይቅ ዳር ተክል እያጨደችና በልጥ እየጠፈረች ታንኳ እያሰረች አንዲት ሴት ልጇን ያሳደገች ሴት ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን በነግህ፥ በሠለስት፥ በቀትር፥ በተሰዓትና በሠርክ የያዘችውን ሥራ ጥላ ወደ ሐይቁ ዳር ትወርድና፥ በደሴቲቱ ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ፊቷን መልሳ «አቡነ ዘበሰማያት»ንና «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል»ን ትደግም፥ ከዚያም ሰባት ጊዜ ትሰግድ ነበር፤ ይህንም ስእለቷን በዝናብም በፀሐይም፥ ታማም ድናም፥ ሃያ ሁለት ዓመት ሳታጓድል ጠበቀች።

ሃያ ሁለት ዓመት በቀን አምስት ጊዜ አንድን ውኃ ያየ ሰው ያን ውኃ ቢያውቀው ምን ይደንቃል? ነፋሱ ጠዋት ከየብስ ወደ ሐይቁ ነፍሶ ከቀትር በኋላ ወደ የብስ እንደሚመለስ ታውቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ቀን ግን ነፋሱ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። በማግሥቱ በነግህ ስትወርድ ውኃው ከምትሰግድበት ድንጋይ አንድ ክንድ ሸሽቶ አገኘችውና በውኃው ከንፈር ላይ አንዲት የደንገል ዘንግ ተከለች፤ በቀትርም ስትመለስ ዘንጓ በደረቅ መሬት ላይ ቆማ ነበር፤ ዓሣ የሚለቅሙት ወፎችም ከመካከለኛው ሐይቅ ተጠራርተው ገብተው በደንገሉ ውስጥ ተሸጉጠው ዋሉ። በሠርክ ደግሞ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ ሳይኖር ከምዕራብ ረጃጅም ማዕበል፥ አንዱ አንዱን እየተከተለ፥ ቀስ እያለ መጣ። ይህን ምልክት ከዚያ በፊት ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በስእለቷ በሁለተኛው ዓመት ነበር፤ ያን ጊዜ ማዕበሉ ያለ ነፋስ በመጣ በሁለተኛው ቀን ዐውሎ ተነሥቶ ዘጠኝ ሰዎች ከነታንኳቸው ጠፍተዋል።

እርሷም ያን ዕለት በሠርክ ሳትቀመጥ ከቤት ወደ ቤት እየሄደች፥ «ጣሪያችሁን በገመድ ጠፍሩና ከገመዱ ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥሉበት፤ እህላችሁን ወደ ኮረብታው አውጡ፤ ታንኳ እንዲደርቅ ብላችሁ ከዛፍ አስደግፋችሁ አታቁሙ፥ አስተኙትና ድንጋይ ጫኑበት፤ ዐሥራ አምስተኛውን ቀን ሐይቅ አትግቡ» እያለች ተናገረች። ዐሥራ አንድ ቤቶች ሰሟት፤ ሁለት ሰዎችም ታንኳቸውን አስተኝተው ድንጋይ ጫኑ፤ የቀሩት ግን ነገሩን ወደ ገበዙ ወሰዱት።

ገበዙ ልሳኑ በዚያ ዓመት የፍልሰታ በዓል ከዚህ በፊት ያልታየ ሕዝብ እንዲሻገር አስነግሮ፥ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ላሉ ገዳማት ሁሉ ልኮ ነበርና፥ ሕዝቡ ሳይሻገር ቢቀር በእንግዶቹ ፊት የሚያፍር መሰለው። ከዚያም ለነፍስ አባቷ ሳይነግር፥ እርሱ ራሱ የነፍስ አባቷ ሳይሆን፥ በሕዝብ መካከል ተነሥቶ «ገና ያልመጣ ነፋስ መምጣቱን የምትናገር ጠንቋይ ናት፤ አርባ ቀን ከሐይቁ ዳር እንዳትደርስ፥ ማንም ሰላም እንዳይላት» ብሎ አወገዛት። አምስት ጊዜ በቀን የእመቤታችንን ስም የምትጠራውን ሴት ጠንቋይ አላት! ለልጆቹ ታንኳ ያሰረችለት፥ ለሙሽራው ታንኳ ያሰረችለት፥ ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ ሰምቶ አንድ ቃል አልመለሰም። እርሷ ግን ትእዛዝ ነው ብላ ተቀበለችና ዐሥራ አራተኛውን ቀን ከቤቷ ጓሮ ቆማ ፊቷን ወደ ጭቃው ግድግዳ መልሳ እያለቀሰች ጸለየች፤ በዚያችም ቀን በደንገል በር ሐይቁን ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጇ ማንጠግቦሽ ወንድ ልጇን አዝላ ልትሰናበታት መጣች፤ የሕፃኑ አርባ ቀን በማግሥቱ ይሞላ ነበርና።

«ልጄ፥ ዛሬን ቅሪ» አለቻት።

«እማ፥ ዛሬ ያልተሻገረ ልጅ በቀኑ አይጠመቅም ብለዋል ገበዙ። ልጄን ያለ ክርስትና ላስቀረው?»

«ነገ ሐይቁ ይረጋል፤ ነገ ትሻገሪያለሽ።»

«በምን አወቅሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ሰው ሁሉ ምን እንደሚልሽ ሰምተሻል አይደል?» አለችና ማንጠግቦሽ አልቅሳ ወጣች።

ያን ጊዜ ይመኙሻል ትእዛዙንም ውግዘቱንም ረሳች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ ወደ ሐይቁ ሮጠችና ስድስቱን ታንኳዎች የያዘውን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። የሰማችሁት ጠብ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሰዎቹም ስቀው ሲያበቁ ሁለት ጎረምሶች ክንዷን ይዘው እየጎተቱ ከውኃው አራቋት፤ ገበዙ ትልቁን የበዓል ጃንጥላ አስይዞ በፊተኛው ታንኳ ተቀመጠና «ግፋ!» አለ፤ ከእርሱ ጋር አርባ አራት ነፍስ፥ ሽማግሌም፥ እርጉዝም፥ ሕፃንም፥ ከደረቁ ምድር ተለዩ። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቶ፥ ፀሐይም ወጥታ ነበርና አንዳንዶቹ ወደ ኋላ እየተመለከቱ «የታለ ዐውሎሽ?» እያሉ ጮኹባት። እርሷ ግን በጭቃው ላይ ተንበርክካ «እመቤቴ ሆይ፥ ልጅሽን አዝለሽ ስትሸሺ አንቺን የሰማሽ ሰው ነበረ? እኔን ጠንቋይ ቢሉኝ ይበሉኝ፤ ልጆቹን ብቻ ያዢልኝ። ያዢልኝ!» እያለች ጮኸች።

እነሆ፥ ታንኳዎቹ ወንጭፍ የሚያደርሰውን ያህል እንደ ራቁ በውኃው ላይ ተተክለው ቆሙ።

«ቅዘፍ እንጂ!» አለ ገበዙ።

«እየቀዘፍሁ ነው፥ ጌታዬ!»

«ታዲያ ምን ሆነ? ደለል ያዘን?»

ቢያድግልኝ መቅዘፊያውን ወደ ታች ሰደደና «ምን ደለል አለ፥ ከሥራችን ደረት የሚደርስ ውኃ ነው» አለ፤ ላቡም በአፍንጫው ይንጠባጠብ ነበር። ስድስቱም ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸው እስኪጎብጥ ታገሉ፤ ውኃው ይናጣል፥ ታንኳው ግን ስንዝር አልተነቃነቀም።

ገበዙም ተነሥቶ ወደ ዳር እየጠቆመ «አሰረችን! ይኸው አላልኋችሁም? አሰረችን!» ብሎ ጮኸ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ እመቤታችን በእጇ ስትይዘው ጠንቋይ ያዘኝ የሚል ልብ እንዴት ያለ ልብ ነው!

ማንጠግቦሽ ግን በታንኳዋ አፍንጫ በኩል አንዲት ሴት እስከ ወገቧ በውኃ ውስጥ ቆማ አየች፤ መጀመሪያ ልብስ የምታጥብ ሴት መስላት ነበር፤ በኋላ ስታስተውል ሴቲቱ አንድ እጇን በታንኳው ላይ ጭና፥ ሰው በቅሎውን በልጓም እንደሚይዝ ያለ ድካም ይዛዋለች፤ ልብሷም አልራሰም። ሴቲቱ ሕፃኑን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያም በአገጭዋ ወደ ደረቁ ምድር አመለከተች። ማንጠግቦሽ ጎረቤቷን «ያቺን ሴት ታያለሽ?» ብትላት «የቷን?» አለቻት፤ ከእርሷ በቀር ያየ አልነበረምና። እርሷም ሌላ ቃል ሳትጨምር ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በራሷ ላይ አደረገችና ወደ ውኃው ወረደች።

«ወዴት ነው?» አለ ገበዙ።

«ወደ እናቴ።»

«ልጅሽ በቀኑ ሳይጠመቅ ሊቀር ነው!»

«የሞተውን ማን ያጠምቅልኛል?» አለችና ውኃው ደረቷን እየመታት ሄደች። ይህን ጊዜ ባሏ ተከተላት፤ ከዚያም እርጉዞቹ፥ ከዚያም ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ወረዱ፤ ቢያድግልኝም ሁለት ሕፃናት በትከሻው ላይ አስቀምጦ «እጃችሁን ከዐይኔ ላይ አንሡ፥ የት እንደምረግጥ ልይበት!» እያላቸው ወጣ። በታንኳው የቀረው ገበዙ ብቻ ነበር፤ ጃንጥላውን በእቅፉ ይዞ «ፈሪዎች!» ይል ነበር።

የኋለኛይቱ አሮጊት እግር ደረቁን ምድር እንደ ረገጠ ምዕራቡ ሁሉ ጠቆረ፤ ነፋሱም ብዙ ፈረስ በአንድ ላይ እንደሚጋልብ እየደነፋ መጣና ባዶዎቹን ታንኳዎች እንደ ገለባ አነሣቸው። ያን ጊዜ የገበዙም ታንኳ ተለቀቀና እየተሽከረከረ ወደ ጥልቁ መሄድ ጀመረ፤ እርሱም ሴትዮ ማለቱን ትቶ በስሟ «ይመኙሻል! ይመኙሻል!» ብሎ ጮኸ። እርሷም ያንኑ የከለከላትን ገመድ በወገቧ አስራ፥ ጫፉን ለቢያድግልኝ ሰጥታ፥ ወደ ማዕበሉ ገባች፤ ሁለት ጊዜ ጠለቀችና ሁለት ጊዜ ወጣች፤ በሦስተኛው የገበዙን ኩታ ጠርዝ ያዘች፤ ሰዎቹም ሁለቱን አንድ ላይ ጎትተው አወጧቸው።

ዐውሎው እስከ ሠርክ ድረስ ቆየ፤ የመንደሩን ጣሪያ ገልጦ ወደ ኮረብታው በተነው፤ በገመድና በድንጋይ የታሰሩት ዐሥራ አንዱ ቤቶች ግን ቆሙና አርባ አራቱም ነፍስ ከቀረው የመንደር ሰው ጋር በእነርሱ ውስጥ ተጠጋግተው ዳኑ፤ አንዲት ነፍስ እንኳ አልጎደለችም። ስድስቱ ታንኳዎች የት እንደ ገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በማግሥቱ ሐይቁ ረጋ። ድንጋይ ተጭኖባቸው የቆዩት ሁለቱ ታንኳዎች እየተመላለሱ ሕዝቡን አሻገሩ፤ ሕፃኑም በቀኑ ተጠመቀና ዘድንግል ተባለ። ከቅዳሴ በኋላ ማንጠግቦሽ በደጀ ሰላሙ ቆማ ያየችውን ሁሉ በሕዝቡ ፊት ተናገረች፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ካህናቱም ዘመሩ፤ ትናንት የሳቁት ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ የይመኙሻልን ጉልበት ሳሙ፤ ቢያድግልኝም «እትዬ፥ ከእንግዲህ ሐይቁን አንቺ እይልኝ፥ እኔ እቀዝፋለሁ» አላት።

ከዚያም ገበዙ ልሳኑ ወደ መካከል ወጥቶ «የእግዚአብሔር ቸርነት በዛልን። እኔም ስለ በዓሉ ክብር የዚህችን ሴት ውግዘት አንሥቼላታለሁ» አለ።

የደሴቲቱ አበምኔት አባ ኅሩይ፥ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ፥ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱና «ከምን ኃጢአት ፈታኻት?» አሉት።

ገበዙ ኩታውን አስተካከለ።

«ልጄ፥ ጠየቅሁህ እኮ። ከምን ኃጢአት?»

ይመኙሻልም አዘነችለትና «ተዉት፥ አባቴ፤ ትናንት ብዙ ውኃ ጠጥቷል» አለች።

«አልተወውም። ጠንቋይ ያላት በሕዝብ ፊት ነው፤ አይደለችም የሚለውም በሕዝብ ፊት ነው። ይበል፥ እንሰማዋለን» አሉ አባ ኅሩይ። ሕዝቡም ሁሉ አፉን አፉን እያየ ቆመ። እርሱ ግን ፊቱን ወደ ደጁ አዞረ። በመጨረሻም ሽማግሌው መስቀላቸውን አንሥተው ወደ ሕዝቡ ዞሩና እንዲህ ብለው ባረኩ፤ «ታንኳዎቹን በእጇ የያዘች እመቤታችን እናንተንም ትያዝ፤ በጥፋት መንገድ ስትቸኩሉ ታቁማችሁ፤ የሚያስጠነቅቃችሁን ሰው ከመናቅ ትጠብቃችሁ፤ ይህን ያያችሁትን፥ ከእናንተም ሰምተው የሚያምኑትን፥ በዚህ ጉባኤ ጆሯቸውን የሰጡትን ሁሉ ከዐውሎና ከትዕቢት ትሰውር፤ ለዘለዓለሙ።»

ሕዝቡም በአንድ ቃል «አሜን» አለ። ገበዙ ግን ጫማውን ከደጀ ሰላሙ አንሥቶ፥ አሜንም ሳይል፥ በሕዝቡ መካከል አልፎ ሄደ።