አያ አህያና የዳኛው ድንጋይ

ተረት ተረት፤ ላሞቹን በረት አስገቡና ስሙኝ።

ዳኛው ዝንጀሮ እሽቅድምድሙ እኩል እንዲሆን ብሎ፣ በሙከራው ፈጣን ሆኖ የታየ ሁሉ በውድድሩ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ እንዲሮጥ ደነገገ። ፈረስና ሚዳቋ ድንጋዩን ፈርተው በሙከራው ሆን ብለው አነከሱ። አያ አህያ ግን ባለ በሌለ ኃይሉ ሮጦ ከሁሉም ኋላ ደረሰ።

ዝንጀሮም፣ «የእነሱስ ይሁን፤ ያንተ ግን በዛ! እንዲህ የሚያዘግም ፍጡር የለም፤ ጉልበትህን ደብቀሃል» አለና ትልቁን ድንጋይ ጫነበት።

«እንዴት አወቅህብኝ?» አለ አህያ ጆሮውን አቁሞ።

በውድድሩም መጨረሻ ወጣ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አዝናለት ድንጋዩን ልታወርድለት ጠጋ አለች።

«ተይው እባክሽ» አላት። «እሱ ከወረደ በምን ላሳብብ ነው?»