ባቡር የቆመላቸው ፊታውራሪ

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በየቀኑ የሚወርደው ባቡር አንድ ቀን ሞጆ ላይ ሰዓቱ አልፎም ሳይነሳ ቆየ። ፊታውራሪ ይፍሩ ምሳቸውን በልተው እስኪመጡ እየተጠበቁ ነበር። በመጨረሻ አሽከሮቻቸውን አስከትለው ሲገቡ ተሳፋሪው ሁሉ ብድግ አለ። ልጇን ልታርስ የምትሄድ አንዲት ሴትዮ ብቻ የቅቤ ቅሏን እንዳቀፈች ተቀምጣ ቀረች።

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ ፊታውራሪ። «ይህን የሚያህል ባቡር ቆሞልኝ አንቺ ትቀመጫለሽ?»

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው ጌታዬ።»

«ሰበብ አልፈልግም! ባቡር ለቆመለት መቆም ልመጂ። ሁለተኛ ተቀምጠሽ ባይ ከነቅልሽ ሜዳ ላይ አስወርድሻለሁ!»

ሴትዮዋ አራሷን ሳታይ መንገድ ላይ መቅረቱ ታሰባትና ደነገጠች፤ እያቃሰተች ተነሳች። ፊታውራሪም ደስ ብሏቸው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። እሷም ቀስ ብላ ተቀመጠች።

አዋሽ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ባቡሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋና ቆመ። ሴትዮዋ በመስኮት ወደ ውጭ አየት አደረገች። ከዚያ ቅሏን አስቀምጣ ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አደግድጋም ወደ ሐዲዱ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

ፊታውራሪ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። ከእሳቸው የሚበልጥ ሹም የመጣ መስሏቸው እሳቸውም ብድግ ብለው ካባቸውን አስተካከሉ።

«ማን ነው የመጣው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ግመል ነው ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ። «ማዕረጉን እንኳ አላውቅም፤ ብቻ ባቡሩ ቆሞለታል።»