ለተመረቀው መንገድ የሚሆን ጎማ

የወረዳው መንገድ ኃላፊ ራሳቸው ሪባን ቆርጠው በመረቁት መንገድ ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ጎማ ፈነዳባቸው። ፎር ዊል መኪናቸውን እያስነከሱ ጎሚስታው ዘንድ መጡ።

ጎሚስታው የተቀደደውን ጎማ ዳበሰና፣ «ጌታዬ፣ ይሄ የአስፋልት ጎማ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ጎኑ ወፍራም፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነው ነው» አላቸው።

ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ሳቃቸው አመለጣቸው። ኃላፊው ቱግ አሉ።

«እኔ የመረቅኩት መንገድ አይረባም ልትል ነው? እስቲ በላ! ዛሬውኑ ሱቅህን ባላሳሽግ እኔ አይደለሁም!»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አለ ጎሚስታው ክሪኩን ከመኪናው ሥር እያስገባ። «እርስዎ የመረቁት መንገድማ እንከን አይወጣለትም። እዚያ ሲደርሱ እንዲህ ያለውን የአስፋልት ጎማ መልሰው ያስራሉ። ባለ ጥርሱ መንገዱን ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ብቻ ነው።»