ቆሞ የለመነልን ወፍጮ ወቃሪ

ጠጋ በሉ እስቲ! ነገ ሽማግሌ የሚመጣብሽ ጥሩዬ፣ አንቺም ቅረቢ። ነገሩ የሆነው ጫካው እደጃችን ድረስ በነበረ ጊዜ ነው፤ የአያቴ እናት አንጓች ገና ልጃገረድ ሳለች።

በዚህ በመንደራችን በቆላ ምንጭ አያ ቢተው የሚባል ወፍጮ ወቃሪ ነበር። መሬት የለው፣ ከብት የለው። መዶሻውን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ለስልሶ አልፈጭ ያለውን የሴቶቹን የድንጋይ ወፍጮ ይወቅራል። የምትከፍለው የሌላትንም እንዲሁ ይወቅርላታል። እግዜር ይስጠው!

አንጓች የባላምባራስ አድማሱ ልጅ ናት። ጫኔ የሚባል የሰው እርሻ አራሽ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ጫኔ ግን ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ አልነበረውም። ያገሩ ትልልቅ ሰዎች ባላምባራስን ፈሩ። አያ ቢተው ብቻ "እኔ እሄድልሃለሁ" አለ።

ሄደና ባላምባራስ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። ባላምባራስ "ስንት በሬ አለው?" አሉ። "አንድም የለው።" ትተውት ገቡ። እስኪመሽ ቆሞ ተመለሰ።

ደግሞ ሄደ። ደግሞ ቆመ። "ዘመዱስ ማነው?" "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።" ሳቁበት። ዝናቡ መጣ፤ አያ ቢተው ወይ ፍንክች! ሲመሽ ተመለሰ።

ከዚያ ክፉ ወሬ ተሰማ። ባላምባራስ አንጓችን ሚስቱ ለሞተችበት ባለጸጋ ሊሰጧት ነው። አንጓች እህል አልቀምስ አለች።

አያ ቢተው እንደገና ተነሣ። መንገድ ላይ አንዲት ሴት "ወዴት ነው?" አለችው። ነገራት። እንስራዋን አስቀምጣ ተከተለችው። ሌላዋም ተከተለች። ወፍጮዋን የወቀረላት ሁሉ ወጣች። ሴት ለሽምግልና ሄዳ አታውቅም፤ እነሱ ግን ሄዱ፣ ከኋላው ቆሙ።

ባላምባራስ ተቆጡ። "ጠጅቱ! ነይና እነዚህን ሴቶች አባሪልኝ!" ብለው ሚስታቸውን ጠሩ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ዱቄት በዱቄት ሆነው ከጓዳ ወጡ። ባላቸውን አለፉና ከአያ ቢተው ጎን ቆሙ። "እኔን ለእርስዎ ሲሰጡኝ የጠየቁት ስለ በሬ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ልጄ ትጠየቅ" አሉ።

ፀሐዩ ከረረ። ባላምባራስ ሚስታቸው ቆመው እሳቸው መቀመጥ አቃታቸው። በመጨረሻ "እስቲ ጥሯት" አሉ። አንጓች መጣች፤ ተጠየቀች። አንገቷን ደፍታ "ጫኔን" አለች።

"እንግዲያውስ ተቀመጡ" አሉ ባላምባራስ። አያ ቢተው ተቀመጠ። እግሩ አብጦ ነበር፤ ወይዘሮ ጠጅቱ አጠቡለት።

ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ በኛ መንደር ሽማግሌ ሲመጣ የልጅቱ እናት ወጥታ ከጎኑ ትቆማለች። ልጅቱ ሳትጠየቅ ማንም አይቀመጥም። ለአያ ቢተው ነው የምንቆምለት። ያን ቀን ደክሞት ቁጭ ብሎ ቢሆን፣ እኔም የለሁ፣ እናንተም የላችሁ። ነፍሱን ይማረው!

በይ ጥሩዬ፣ ነገ ስትጠየቂ የልብሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ደግሞ ቶሎ በይ፤ የእናትሽ ጉልበት አይችልም።