ፊቷን ያዞረችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አያ ጅቦ ከሚኖርበት ወንዝ ወዲህ ማዶ፣ አንዲት አህያ ከባሏና ከሴት ውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚሉ ሁሉ ይህን ባል አላዩትም። ባልና ሚስት አንገት ላንገት ተደራርበው ይቆማሉ፤ እሱ የእሷን ኋላ፣ እሷ የእሱን ኋላ ትጠብቃለች፤ ልጅቱም መሐላቸው ትተኛለች። በሐምሌ ግን ወንዙ ሞልቶ ባልየውን ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ እናት ብቻዋን ጠባቂ ሆነች። ጀርባዋን ለልጇ፣ ፊቷን ለሜዳው ሰጥታ ትውላለች። የባሏንም ስም አታነሳም፤ ካላነሳሁት ልጄ ትረሳዋለች ብላ ነዋ። ልጅቱ ግን መጋጥም መናገርም ተወች። ጧት ጧት ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ድሮ እናቷን ያሰለቻት የነበረው ለፍላፊነቷ አሁን ናፈቃት።

ጥቅምት ሲገባ እናት ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ምን አጎደልኩባት? ሳሩ አለ፣ ውሃው አለ፣ ጅብ አላስነካኋትም። እባክሽ ምከሪልኝ።»

«እኔ ብመክራትማ እኔንም ዝም ትለኛለች» አለች ቀበሮ። «ነገ ተከተያትና ከቁጥቋጦው ኋላ ሆነሽ አድምጪ። አፍሽን ግን ዝጊ፤ ለአህያ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።»

በነጋታው ውርንጭላዋ ወንዙ ዳር ቆመች። አያ ጅቦ ከማዶ ብቅ አለ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? ዛሬም ከፍቶሻል?»

«ከፍቶኛል።»

«ማን ናፍቆሽ ነው?»

«አባቴ። እናቴም።»

ጅብ ግራ ገባው። «እናትሽማ አለች አይደል?»

«ጅራቷ አለ። ፊቷን ካየሁት ቆየሁ።»

«ታዲያ ወደኔ ተሻገሪያ። እኔ ቀኑን ሙሉ አንቺን ነው የማየው፤ በተለይ ጭንሽን» አለ ሞኙ። ልጅቱ ይህንንም ሰምታ አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች።

እናት ከቁጥቋጦው ወጥታ ልጇ ፊት ተገተረች። ጅቡን ከኋላዋ ተወችው።

«አባትሽ ናፈቀሽ?»

«አንቺ ስሙን አታነሺም። አንቺን የማይናፍቅሽ መስሎኝ ነበር።»

«ቡላ» አለች እናት፤ ከሐምሌ ወዲህ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። «ቡላዬ በየቀኑ ይናፍቀኛል፣ ልጄ። ከዚህ ወንዝ ውሃ መጠጣት እንኳ አቅቶኛል።» ከዚያም አለቀሰች።

ልጅቱ አንገቷን በእናቷ አንገት ላይ ጣል አደረገች። እናት ከኋላዋ የሚሆነውን አላየችም፤ ልጅ ግን አየች።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጅቡ እየተሻገረ ነው።»

እናት ፊቷን ከልጇ ሳታነሳ በኋላ እግሯ አንዴ ብታቀምሰው፣ አያ ጅቦ መንጋጋውን ይዞ ወደመጣበት ተመለሰ። እናትና ልጅ ግን ልቅሷቸውን ገና አልጨረሱም ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ከጅብ መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃና ኀዘኗን የሚጋራት ከቤቷ ያጣች ልጅ «እንደምን አደርሽ» ላላት ሁሉ ወንዝ እንደምትሻገር ነው።