ኮከብ የሌለው ማስታወሻ

አታምኑኝም። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ አታምኑኝም። ኮድ የምትጽፍ ሸረሪት ነበረች ስላችሁ ትስቁብኛላችሁ። በሉ እንወራረድ! ተረቴ ሲያልቅ ያላመነ ይስቅብኝ፤ ያመነ ደግሞ የምለውን ያደርጋል። ተስማማን? ተስማማን። ጆሯችሁን ወዲህ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ከሰው ተደብቀው ይማሩ በነበረ ጊዜ፣ ሰዎች ሠርተው ትተውት የሄዱት አንድ ግድብ ነበር። ግድቡ የብረት በር አለው። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ለኮምፒውተሩ "እንዲህ ስትባል ክፈት፣ እንዲያ ስትባል ዝጋ" የሚለውን ትእዛዝ፣ ማለትም ኮዱን፣ የጻፈችው እሜቴ ሸረሪት ናት። ስምንት እግር አላት እኮ! በመጻፍ ማን ይደርስባታል?

እሜቴ ሸረሪት ስትጽፍ ብቻዋን ነው። የሚያዋራት የለም። ስለዚህ በትእዛዞቹ መሃል መሃል ማስታወሻ ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ማስታወሻውን ዘሎት ያልፋል። ለሁሉም የሚሆነው ማስታወሻ ላይ ኮከብ ታደርግበታለች። ኮከብ የሌለው የራሷ ነው፤ ያጉረመረመችው፣ ያማችው፣ የፈራችው።

ክረምት ሊገባ ሲል ሆዷ ገፋ። እንቁላል ልትጥል ነው። እንቁላል ስትጥል ደግሞ ጉድጓዷ ገብታ ክረምቱን ሙሉ አትወጣም።

"አንቺ ከገባሽ በሩን ማን ይከፍታል?" አለ አያ ጉማሬ።

"አንተ።"

"እኔ ኮድ መቼ አንብቤ አውቃለሁ!"

"ማብራሪያ ትቼልህ ነው የምገባው።"

ከሁሉም የባሰ ጭንቅ የያዛት ሽኮኮ ናት። ልጆቿ ከበሩ በታች፣ ድንጋይ ሥር ነው የሚኖሩት። በሩ ካልተከፈተ ግድቡ ይፈርሳል። በአንዴ ከተከፈተ ደግሞ ውሃው ልጆቿን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

"እታለም ሸረሪት፣ የልጆቼን ነገር አደራ" አለቻት።

"ጽፌዋለሁ፣ አታስቢ።"

እውነቷን ነው። ጽፋዋለች።

ግን ኮዱ ረጅም ነው። ማብራሪያውን በእግሯ ልጻፍ ብትል እንቁላሉ አይጠብቃትም። ስለዚህ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖረውን አስረጅን ጠራችው። የአስረጅ ሥራው ኮድ አንብቦ ማብራሪያ ማውጣት ነው። ፈጣን ነው፣ ታማኝ ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ቀልድ አያውቅም።

"ከየት ላንብብ?" አለ አስረጅ።

"ከዚሁ" አለች እሜቴ ሸረሪት፣ ሆዷን ይዛ።

"ከዚሁ" ሲባል አስረጅ ምን ያንብብ? ራሱ የተቀመጠበትን ፎልደር፣ የራሱን ኮድ! አነበበ፣ አነበበ፣ ገጹን አወጣ። አያ ጉማሬ ጉሮሮውን ጠርጎ ለእንስሳቱ ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦

"እኔ አስረጅ ነኝ። ሥራዬ ማንበብ ነው። ደግሞም እጽፋለሁ። አስረጅ ማለት እኔ ነኝ።"

"በሩስ?" አለች ሽኮኮ።

"በር የሚባል ነገር አላየሁም" አለ አስረጅ። "ያለችኝን አደረግኩ። ያላለችኝን አላደረግኩም።"

እንስሳቱ ሳቁ። ሽኮኮ ብቻ አልሳቀችም።

እሜቴ ሸረሪት እንደገና ጠራችው።

"ከየት ላንብብ?"

"በሩ ከሚለው ፎልደር።"

"ኮከብ የሌለውንም ላውጣ?"

እሜቴ ሸረሪት "አታውጣ" ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጦጢት ከቅርንጫፉ ላይ ዱብ! ያረፈችው የት መሰላችሁ? "አዎ" የሚለው ቁልፍ ላይ። ኧረ ጦጢትን እንዳትቀየሟት! ቁልፉ እኮ እዚያው ፊቷ ነበር። እናንተስ ብትሆኑ ታልፉት ነበር?

አያ ጉማሬ ማንበብ ጀመረ። "በሩን ለመክፈት 'ክፈት' የሚለውን ቁልፍ ተጫን።" ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። "ጉማሬ ሲገባ ውሃው ከፍ ይላል፤ ያ ወፍራም ሆዱ..." ሆዱን ቁልቁል አየ።

"ቀጥል እንጂ አያ ጉማሬ!" አለች ጦጢት፣ መሬት ላይ እየተንከባለለች።

"ጅብ ይህን ቁልፍ ካየ አጥንት መስሎት ይቆረጥመዋል።"

"ማን? እኔ?" አለ አያ ጅቦ። "ማናት እንዲህ ያለችው? ትውጣና ፊት ለፊት ትንገረኝ!"

ጫጫታ ሆነ። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያኮርፋል። አያ ጉማሬ ግን ታዟልና ማንበቡን አላቆመም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንዲት መስመር አለፈች። የሰማቻት ሽኮኮ ብቻ ናት፦ "ዝናብ ሲጥል በሩን በአንዴ እንዳትከፍቺ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። የሽኮኮ ልጆች ከታች ናቸው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

እሜቴ ሸረሪት እፍረቱ ገደላት። የምትገባበት ጠፋት።

"ያለችኝን አደረግኩ" አለ አስረጅ።

"አፍህን ዝጋ!" አለችው። "ኮከብ የሌለውን አታውጣ! አንዲትም እንዳታወጣ!"

ሦስተኛው ገጽ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሐሜት የለ፣ ሆድ የለ፣ አጥንት የለ። እንስሳቱም ተሰብስበው ወሰኑ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ገጹ ላይ ያለው ብቻ ይደረግ። ወሬ አንሰማም። በተለይ የጦጢትን!"

"እታለም፣ የልጆቼስ ነገር አለበት?" አለች ሽኮኮ።

"አለ፣ አለ" አለች እሜቴ ሸረሪት። ገጹን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። አፍራለች፣ ምጡም መጥቶባታል። ጉድጓዷ ገባች።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። አጉረመረመ። ዝናቡን አወረደው!

እሜቴ ሸረሪት ገና እንቁላሏን ጥላ ሳትጨርስ፣ ሽኮኮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ ጮኸች። "እታለም! ገጹ ላይ የለም!"

"አለ።"

"የለም እልሻለሁ! ጉማሬ ሙሉውን ሊከፍተው ነው። አለቀስኩ፣ ለመንኩት። 'ገጹ ላይ አላየሁም' ይለኛል!"

እሜቴ ሸረሪት ክው አለች። ትዝ አላት። ያንን መስመር የጻፈችው ብቻዋን ሆና ስትፈራ ነው። ለራሷ። ኮከብ አላደረገችበትም።

ልውጣ ብትል፣ አንድ ጠብታ ዝናብ ለሸረሪት ጎርፍ ነው። ይሄኔ አንዲት የረጠበች እጅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተዘረጋች።

"እትዬ፣ መዳፌ ላይ ውጪ" አለች ጦጢት።

"አንቺ? ልትጥይኝ?"

"እናቴ ትሙት አልጥልሽም! ዛሬ ቀልድ የለም።"

ወጣችላት። ጦጢት በሌላ እጇ ከደነቻትና በሁለት እግሯ በረረች።

ሲደርሱ አያ ጉማሬ እግሩን ቁልፉ ላይ ሊያሳርፍ ነው።

"አያ ጉማሬ፣ ጠብቅ!"

"ገጹ 'ጠብቅ' አይልም።"

እሜቴ ሸረሪት ቁልፎቹ ላይ ዘለለች። መስመሯን ፈለገች፣ አገኘቻት፣ በረጠበ እግሯ አንዲት ኮከብ አደረገችባት።

"አስረጅ! ቶሎ በል፣ እንደገና አውጣ!"

"ከየት ላንብብ?"

"ከበሩ!"

"ኮከብ የሌለውንም ላውጣ?"

"አታውጣ!"

ጦጢት ሁለቱንም እጇን ከኋላዋ ደብቃ ቆማለች።

ገጹ ወጣ። አያ ጉማሬ አነበበ። "ዝናብ ሲጥል በሩን በአንዴ እንዳትከፍቺ። ቀስ..." እግሩን አነሳ። ወደ ሽኮኮ ዞረ። "ውይ! ልጆችሽ ከታች ናቸው እንዴ? ምነው ሳትነግሪኝ?"

ሽኮኮ አየችው። አየችውና ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች።

በሩ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ግድቡም አልፈረሰ፣ ልጆቹም አልተወሰዱ። እግራቸው ብቻ ረጠበ፤ እሱንም ሲጫወቱበት ዋሉ።

አያ ጉማሬ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል። ወደ እሜቴ ሸረሪት ጠጋ አለ። "ያ የሆዴ ነገር... እውነት ነው፣ ስገባ ውሃው ከፍ ይላል። እሱም ላይ ኮከብ አድርጊበት፤ የሚያውቀው ይወቀው። 'ወፍራም' የምትለዋን ብቻ አንሺልኝ።"

አነሳችለት።

"የኔስ?" አለ አያ ጅቦ።

"ያንተ ኮከብ የለውም" አለችው።

በመስከረም እሜቴ ሸረሪት ከተመለሰችበት ጉድጓድ ከነልጆቿ ስትወጣ፣ ሽኮኮ ኮምፒውተሩ ጋ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። ከዚያ ወዲህ ሸረሪት ብቻዋን ጽፋ አታውቅም። ሐሜቷንም ፍርሃቷንም ለሽኮኮ ታወራለች። ሰው የሚድንበትን ነገር ደግሞ ኮከብ እያደረገች ትጽፋለች፣ ገጹ ላይ መውጣቱንም ራሷ ታያለች።

የተረቴ ምክር ይቺው ናት፦ ሌላው የሚድንበትን ነገር ጻፍኩት ብላችሁ አትረፉ፤ እሱ በሚያየው ቦታ መሆኑን እዩ።

በሉ፣ የሳቀብኝ አለ? የለም! እንግዲህ ተሸንፋችኋል፣ የምላችሁን ታደርጋላችሁ። ይቺን ተረት ዛሬውኑ ላልሰማ አንድ ሰው ንገሩልኝ። የአያ ጉማሬን ሆድ ዝለሉት ከፈለጋችሁ፤ የሽኮኮን ልጆች ግን እንዳትዘሏቸው።